ሦስት ጣትና አንድ ቢጫ ክር

ሐኪሚት ሻንጣዋን እየጎተተች የገባች ዕለት መርፌ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቀና ብላ መጀመሪያ ልጅቷን አየች፤ ቀጥሎ ሻንጣውን አየች፤ ትልቅ ነው፣ ለአንድ ሌሊት የመጣ ሰው ሻንጣ አይደለም። ከዚያ የራሷ እናት ከስፌት መኪናዋ ላይ ተነስታ ልጅቷን አንገቷ ሥር ገብታ ስትስማት አየች። ያኔ ጣቷን ወጋች። የደማው ጣቷ ነው፤ የተወጋው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

መርፌ የእውነት ስሟ አይደለም። ቀጭን ስለሆነችና ምላሷ ስለሚወጋ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው፤ ልጅቷንም ኋላ "ሐኪሚት" ያላት ይኸው ሰፈር ነው። ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ሄዳ፣ ማንበብና መደመር ከያዘች በኋላ እናቷ ልብስ ስፌት ቤት ገብታ ቀረች። "ለምን አቋረጥሽ?" ሲሏት "እኔ አላቋረጥኩም፣ እሱ ነው ያቋረጠኝ" ትላለች።

"የእህቴ ልጅ ናት" አለች እናቷ። "ኮሌጁ ለኛ ይቀርባል፤ ነርስነት እየተማረች ከኛ ጋር ትኖራለች። እህትሽ ናት።"

"እህት የሚያክል ነገር ሲመጣ ቀድሞ አይነገርም እንዴ?"

"አሁን ነገርኩሽ።"

ሱቁ ጠባብ ነው። በመስታወቱ በኩል የእናቷ የስፌት መኪና አለ፤ እሱ ላይ ከእናቷ በቀር ማንም አይቀመጥም። መርፌም ብትሆን እጅ ስፌትና ቁልፍ እንጂ መኪናው አልተፈቀደላትም። ከመኪናው ጎን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለ። እሱ የመርፌ ነው፤ ገና ጠረጴዛው ጋ ሳትደርስ ጀምሮ የተቀመጠችበት፣ ከእናቷ ጉልበት በክንድ የማይርቅ ቦታ። ከጓዳ በኩል ደግሞ ጋሼ ካውያ አሉ። ልብስ ይተኩሳሉ፣ ሰውም ይተኩሳሉ፤ አፋቸው ከካውያቸው አይቀዘቅዝም።

በማግስቱ መርፌ ዚፕ ገዝታ ስትመለስ ሐኪሚት በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፍ ገልጣለች።

"እሱ በርጩማ ባለቤት አለው" አለቻት።

"እውነት? ስሟ የት ተጽፏል?"

"መቀመጫዬ ላይ።"

ጋሼ ካውያ ከት ብለው ሲስቁ የሰው ሱሪ ሊያቃጥሉ ለጥቂት ተረፉ። እናቷ ግን አልሳቀችም። "አንቺ ልጅ፣ ተያት፤ ታንብብበት" አለች። አንዲት "ተያት" ቅናትን ዘራች፤ የተዘራው ደግሞ ውሃ ሳይፈልግ በቀለ።

ሐኪሚት መጥፎ ልጅ ብትሆን ነገሩ ይቀል ነበር። ችግሩ ጥሩ ልጅ ናት። ሳህን ታጥባለች፣ ትልልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫዋ ትነሳለች፣ ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል። ሌሊት ብቻ ነው ጥፋቷ፤ የመርፌ አልጋ ላይ እጇን እንደ ልብስ መስቀያ ዘርግታ ትተኛለች። መርፌም ግድግዳው ላይ ተለጥፋ "ይቺ ልጅ ቀን በርጩማዬን፣ ሌሊት አልጋዬን፤ ነገ ደግሞ ስሜን ትወስዳለች" እያለች ትብሰለሰላለች።

ይባስ ብሎ ኮሌጁ ለተማሪዎቹ ሥራ ሰጠ። እያንዳንዱ ተማሪ የሰውን የነርቭ ሥርዓት የሚያሳይ ነገር በእጁ ሠርቶ፣ አስተማሪና ተማሪ ፊት ቆሞ እንዲያስረዳ ነው። ሐኪሚት ወረቀት ላይ ልትስል አስባ ነበር።

"ወረቀት ምን ያደርግልሻል?" አለች እናቷ። "ወይዘሮ ጥጥን ውሰጂ።"

መርፌ ጆሮዋን አላመነችም። ወይዘሮ ጥጥ መስታወቱ ጋ ቆማ ልብስ የምታሳይ የጨርቅ አሻንጉሊት ናት። እናቷ ሱቁን ስትከፍት ገዝታ ሳይሆን ራሷ ሰፍታ፣ ጓንት እንኳ ታሳይ ብላ አምስት አምስት ጣት አውጥታላት፣ በጥጥ ጠቅጥቃ የሠራቻት ናት። መርፌ ልጅ ሆና የተቆጧት ጊዜ ሄዳ የምታለቅሰው ወይዘሮ ጥጥ ቀሚስ ሥር ነበር።

"እሷን በመርፌ ልትበሳሷት ነው?"

"ነርቭ ነው የምንሰፋላት" አለች ሐኪሚት እየሳቀች። "እስከ ዛሬ የላትም፤ ለዚያ ነው ስታናግሪያት የማትመልስልሽ።"

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ደንበኛ ሲቀዘቅዝ ሥራው ይኸው ሆነ። ሐኪሚት ታነባለች፣ እናት ትሰፋለች። መርፌ ጀርባዋን ሰጥታ ቁልፍ ትተክላለች፤ ጆሮዋ ግን እዚያው ነው።

"ዋናው አንጎል ነው፣ ጭንቅላት ውስጥ" ትላለች ሐኪሚት። "ከሱ ህብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ተሸሽጎ፣ እስከ ወገብ። ከሱ ደግሞ ግራና ቀኝ ነርቮች ይወጣሉ፤ ወደ እጅ፣ ወደ ሆድ፣ ወደ እግር ጥፍር ድረስ።"

"እንደ ቀሚስ ነዋ" ትላለች እናት። "የጀርባው ስፌት ከያዘ ሌላው ከሱ ይመዘዛል።"

"አዎ አክስትዬ! አሁን ቀዩ ክር ወሬ የሚያመጣው ነው። ሞቀኝ፣ ቀዘቀዘኝ፣ ተወጋሁ የሚለውን ከቆዳ ተቀብሎ ወደ አንጎል ይወስዳል። ሰማያዊው ደግሞ ከአንጎል ትዕዛዝ ይዞ ይወርዳል፤ ያዢ፣ ልቀቂ፣ ሩጪ ብሎ ጡንቻውን ያዛል።"

"እኔ ቤት ሰማያዊው ብቻ ነው ያለው" አሉ ጋሼ ካውያ። "ትዕዛዝ ይወርዳል እንጂ፣ ደከመኝ የሚለውን ወሬ ወደ ሚስቴ የሚያደርስልኝ ክር እስከ ዛሬ አልተሰፋም።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ካውያውን በስህተት ቢነኩት እጅዎ ይሸሻል አይደል? ሽሽ ብሎ ያዘዘው አንጎልዎ አይደለም። ወሬው ህብለ ሰረሰር ጋ ሲደርስ እዚያው ትዕዛዝ ይሰጠዋል፤ እጁ ቀድሞ ይሸሻል፣ አንጎል የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስቃጠል ጭንቅላቴ አልነበረበትም በይኛ! እኔም ጠርጥሬ ነበር።"

ሁሉም ሳቁ። መርፌም ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር፤ ነክሳ ያዘችው። ለሐኪሚት ወሬ አትስቅም።

ቀይና ሰማያዊው ባልከፋ። የከፋው እናቷ ከመሳቢያው ቢጫውን ሐር ያወጣች ቀን ነው። ያ ሐር የመርፌ ነው። ለአዲስ ቀሚሷ አንገት ጥልፍ ተብሎ የተገዛ፣ በብርሃን ሲያዩት እንደ እሳት የሚያበራ፣ ሰው እንዳይነካው በወረቀት የተጠቀለለ። እናቷ ፈታችው፤ ከዚያም ከወይዘሮ ጥጥ ቀኝ ክንድ ጀምራ በእጅ አንጓዋ አሳልፋ ወደ አውራ ጣት፣ ወደ ጠቋሚ ጣት፣ ወደ መሃለኛው ጣት በተነችው። የቀለበት ጣትን ግን በአንድ ጎኑ ብቻ ነካው።

"እማዬ፣ እሱ የኔ ነው።"

"ትንሽ ነው የምወስደው።"

"ሌላ ክር ጠፋ? ሱቁ እኮ የክር ሱቅ ነው!"

"ይሄኛው መስመር በደንብ መታየት አለበት" አለች እናቷ። ስትናገር ግን መርፌን አላየቻትም፤ ሐኪሚትን ነው ያየችው። ሐኪሚትም አንገቷን ሰበረች። ሁለት ሰዎች ሦስተኛው የማያውቀውን ነገር ሲያውቁ እንዲህ ነው የሚተያዩት።

ከዚያ ወዲያ የመርፌ ዓይን ሁሉን መልቀም ያዘ። እናቷ በሕይወቷ መርፌዋ ውስጥ ክር አስገቡልኝ ብላ ሰው ለምና አታውቅም፤ አሁን "የኔ ልጅ፣ አስገቢልኝ" የምትለው ሐኪሚትን ነው። ጠዋት ስትነሳ ቀኝ እጇን ውሃ እንደነካው ሰው ታራግፋለች፤ መርፌ "ምን ሆንሽ?" ስትላት "ምንም" ትላለች፤ ሐኪሚት ስትጠይቃት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ብዙ ታወራለች። አንድ ቀን ደግሞ ልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ገብተው ቆዩ። መርፌ መጋረጃውን በትንሽ ጣቷ ገለጥ አደረገች። እናቷ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ዘርግታለች፤ ሐኪሚት በቁራጭ ጥጥ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትዳስሳለች።

"ይሄስ?"

"ትንሿ ጣት።"

"ይሄስ?"

"... ነካሽኝ እንዴ?"

እንዲህ ዓይነት ጨዋታ! መርፌ እናቷ መጨረሻ እንዲህ ያጫወተቻት የወተት ጥርሷ ሲነቀል እንደነበር ትዝ አላት። እናቷ ዓይኗን ስትገልጥ አየቻት።

"ሂጂ ቁልፍ ግዢ!"

"ቁልፍ ሞልቷል።"

"እንግዲያው ዚፕ ግዢ!"

"እሱም ሞልቷል። እኔ ነኝ የተረፍኩት።"

ከሁሉ የባሰው የካውያው ነገር ነው። ሐኪሚት መጽሐፏን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ የአንጎል ሥዕል ስታሳይ፣ እናት ጎንበስ አለች፤ ጣቶቿ የጋለው ካውያ ጎን ላይ አርፈው ቀሩ። ቀሩ! እጇ አልተንቀሳቀሰም። ጋሼ ካውያ "እትዬ! ካውያው!" ብለው ሲጮኹ መጀመሪያ እጇን አየችው፣ ከዚያ አነሳችው። ጫፎቹ ቀልተው አብጠዋል።

"ወሬ ይዞኝ ነው" ብላ ሳቀች።

መርፌ ግን አልሳቀችም። "በሷ ወሬ ከሆነ ተቃጥላም አይሰማትም!" አለች በሆዷ። ብል ጨርቅ የሚበላው ከውስጥ ጀምሮ ነው፤ ከላይ ስታዩት ደህና ነው፣ ስትነኩት ነው ዱቄት የሚሆነው። መርፌም እንዲያው ነበረች።

ሐኪሚት ልታቀርብ አንድ ቀን ሲቀራት፣ እናት "ለዚያ ቀን ጫማ ያስፈልጋታል" ብላ ይዛት ወጣች። "ሱቁን ጠብቂ" ተባለች መርፌ። የራሷ ጫማ ተረከዙ ተነቅሎ አውራ ጎዳና ላይ የሚቀር ዓይነት ነው። ጋሼ ካውያም ሻይ ሊጠጡ ተሻገሩ። ሱቁ ውስጥ መርፌና ወይዘሮ ጥጥ ብቻ ተፋጠጡ።

"አንቺም ከዳሽኝ" አለቻት። ወይዘሮ ጥጥ ይኸው ነርቭ ሁሉ ተሰፍቶላት አሁንም አልመለሰችም።

መቀስ አነሳች። ቢጫውን ልትቆርጠው ጫፉን አስገብታ ቆም አለች። የስፌት ቤት ልጅ ናትና የክር ጠባይ ታውቃለች። የተቆረጠ ክር ወዲያው ይታያል፣ ወዲያውም ይቀጠላል። የታነቀ ክር ግን ሌላ ነው፤ ጨርቁን ይዞ ይሸበሸባል፣ ስፌቱን ሁሉ ያጣምማል፣ ከየት እንደመጣም ባለሙያ ካልሆነ አያገኘውም። መቀሱን አስቀምጣ መርፌ አነሳች። ሐሩን አንጓው ላይ ያዘችው፤ ሁለቴ ጠመጠመችበት፣ ሳበችው፣ በውስጥ በኩል ቋጠረችው።

የወይዘሮ ጥጥ ሦስት ጣቶች ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ታጠፉ፤ የቀለበት ጣቷም በትንሹ ተከተላቸው። ትንሿ ጣት ብቻ ቀጥ ብላ ቀረች፤ ሻይ የምትጠጣ እመቤት መሰለች። መርፌ ሳቀች። ሳቁ ግን እንዳሰበችው ሆዷ አልደረሰም። አንሶላ አልብሳት ወደ ቁልፏ ተመለሰች።

ጠዋት ሐኪሚት አዲስ ጫማዋን አድርጋ፣ ፀጉሯን አስይዛ መጣችና አንሶላውን ገለጠች። ጩኸት ይሆናል ብላ መርፌ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች። ጩኸት የለም። ሐኪሚት ያችን እጅ ይዛ ደርቃ ቀረች።

"አክስትዬ" አለች በቀስታ። "ነይ እዪ።"

እናት መጣች፣ አየች፣ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ከወይዘሮ ጥጥ እጅ ጎን አስተያየችው።

"ነገርሻት እንዴ?"

"በእግዜር እኔ ትንፍሽ አላልኩም!"

"ታዲያ እንዴት አወቀች? ልክ አንጓው ላይ! ልክ ሦስቱን!" እናት ወደ መርፌ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። "ልጄ ... አውቀሽ ኖሯል። በአፍሽ ልትነግሪኝ ከብዶሽ በክር ነገርሽኝ?"

መርፌ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። እናቷ ግን በእንዲህ ያለ ዓይን አይታት አታውቅም። ዝም ብትል ይህ ሁሉ ዓይን የሷ ነው፤ አዋቂዋ፣ አስተዋይዋ፣ እናቷን ያነበበችው ልጅ ትሆናለች። ዝም አለች። ዝምታው ለአንድ አፍታ እንደ ስኳር ጣፈጣት።

ከዚያ ያ ካውያ ትዝ አላት። መርፌ ውስጥ የማይገባው ክር፣ እየተራገፈ የሚነሳው እጅ፣ "ነካሽኝ እንዴ?" ያለው ድምፅ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡ፤ ስኳሩ አፏ ውስጥ አመድ ሆነ።

"እማዬ ... ካውያው ላይ እጅሽ ያልሸሸው ... ወሬው ሳይደርስ ቀርቶ ነው?"

እናት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

"ቆዳው ቢቃጠልም ወሬውን የሚወስደው ነርቭ ታንቋል" አለች ሐኪሚት። "አንጓ ላይ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ጅማቶቹም ነርቩም በሱ ነው የሚያልፉት። ይህን ሁሉ ዓመት መቀስ ስትጨብጥ፣ ጨርቅ ስትገፋ ውስጡ አበጠና ነርቩን ተጫነው። ብዙ ከቆየ አውራ ጣቷ ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ብላት እምቢ አለችኝ።"

"እጅሽን አሳርፊ ነዋ የሚሉኝ! ማን ሊሰፋ?"

"ለምን ለሷ ነግረሽ ከኔ ደበቅሽ?" አለች መርፌ። ስታብሰለስለው የከረመችው ይቺን ጥያቄ ነበር፤ በርጩማውም፣ ሐሩም፣ ጫማውም ሰበብ ናቸው።

"አንቺ አፍሽ ወንፊት ነው! ጠዋት ብነግርሽ ማታ ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል።" ከዚያ እናት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ደግሞ ብነግርሽ መኪናው ላይ ልትቀመጪልኝ ነው። እኔ በአንቺ ዕድሜ ለእናቴ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ይኸው አልተነሳሁም። ይቺ ልጅ አጠገብሽ መጽሐፍ ስትገልጥ እያየሽ ልብሽ ወደ ትምህርት ይመለስ ይሆናል ብዬ እኮ ነው።"

መርፌ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

"እኔ ምንም አላወቅኩም ነበር" አለች። "ሐሬን ስለወሰዳችሁ ነው ያነቅኩት። ቀንቼ ነው። እጄ ነው፣ ጭንቅላቴ ሳይሰማ ቀድሞ ..."

"ውሸት!" አለች ሐኪሚት። "ቀድሞ የሚሸሸው ከእሳት ነው። ሁለቴ ጠምጥሞ፣ በውስጥ በኩል መቋጠር ሙሉ አንጎል ይፈልጋል!"

እናት የልብስ መለኪያውን ሜትር ከአንገቷ አውልቃ በግራ እጇ መርፌን ጀርባዋ ላይ ሸነቆጠቻት፤ አሁንም ሸነቆጠቻት፤ ሦስተኛው ላይ እጇ አየር ላይ ቆመና ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከደረቷ ወጣ። መርፌን በዚያው ሜትር አንገቷን ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻት።

ጋሼ ካውያ በሩ ላይ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል። "ምቀኛ አታሳጣኝ ሲባል ለአባባል ይመስለኝ ነበር" አሉ። "ይቺ ምቀኛ ባትኖር እትዬ እጅዎ እስኪደርቅ ሊደብቁት ነበር!"

"መፍታቱ ቀላል ነው፣ ቋጠሮው የት እንዳለ አውቃለሁ" አለች መርፌ ለሐኪሚት፣ ፊቷን ሳታሳይ። "እፈታልሻለሁ።"

"አትንኪው። እንደዚሁ ነው የማቀርበው።"

አቀረበችም። ወይዘሮ ጥጥን ሁለቱ ልጆች አንዷ ከራስ አንዷ ከእግር ተሸክመው መንገድ ሲሻገሩ ሰው የታመመ መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። አንደኛ የወጣው ግን አምፖል የሚያበራ አንጎል የሠራ ልጅ ነው፤ አምፖል ካለ ክርን ማን ያያል። አስተማሪዋ ብቻ ያችን የታጠፈች እጅ ደጋግማ አገላብጣ "ይሄን ማን ሠራው?" ብላ ጠየቀች። ሐኪሚትም "እህቴ" አለች። መርፌ ከኋላ ቆማ ሰማች። "እህት" የሚለው ቃል ያን ዕለት ከወትሮው ያነሰ ነው የወጋት፤ አልወጋትም ብትል ግን ውሸት ነው።

እናት ሐኪም ቤት ሄደች። አንጓዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አሰሩላት፤ "ከዘገየሽ በቀዶ ጥገና ነው የምንከፍተው፣ መጀመሪያ ግን እናሳርፈው" አሏት። ስለዚህ መርፌ መኪናው ላይ ተቀመጠች። እናት "እጄ እስኪድን ብቻ!" ብላ አስምላት፣ ማታ ማታ ከሐኪሚት ጋር መጽሐፍ እንድትገልጥ አስምላት ነው የለቀቀችላት። ራሷ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ክር ሆነች፤ "ቀስ በይ፣ አጥብቂው፣ ፈትተሽ ድገሚው!" ትዕዛዝ ብቻ። መርፌ እናቷ ጉልበት ጋ ለመቀመጥ ስንት ጊዜ ተጣልታ፣ ይኸው አሁን እናቷ እሷ ጉልበት ጋ ተቀመጠች። እንዲህ መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ይህን ያህል አትመኘውም ነበር።

የእናቷን ጣቶች በጥጥ መመርመሩን ግን መርፌ ለማንም አልሰጠችም። "እኔ ነኝ የምነካት" አለች፣ ሐኪሚትም ሳቀችና ለቀቀችላት። በየጊዜው እናት ዓይኗን ትጨፍናለች፣ መርፌ በጥጥ ትነካለች። "ይሄስ?" "ትንሿ።" "ይሄስ?" ዝም። ዝምታው ሲበዛ መርፌ ጥጡን ጥላ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች፤ ያን ቀን ፔዳሉን እንደ ጠላት ነው የምትረግጠው።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ አንድ ከሰዓት ጥጡ ከእጇ ጠፋባት። ዘወር ብላ መሳቢያውን ስትከፍት የተረፈችው ቢጫ ሐር አለች፤ ያቺኑ ጫፏን ይዛ የእናቷን መሃለኛ ጣት ቀስ ብላ ዳሰሰችው።

እናት ዓይኗን አልገለጠችም። ግንባሯ ተኮማተረ፤ አንድ የሩቅ ድምፅ ለመስማት እንደሚጥር ሰው።

"መሃለኛው ነው" አለች። ቆየችና ደግሞ "ጥጥ አይደለም ይሄ። ሐር ነው።"

መርፌ ሐሩን እንደያዘች ቀረች። ከመጋረጃው ጀርባ ሐኪሚት "አክስትዬ!" ብላ ጮኻ፣ እጇን ዘርግታ ልታቅፋት ሮጠች። መርፌ ቀና ሳትል የደንበኛውን ባዶ ወንበር በእግሯ ገፋ አድርጋ መንገዷ ላይ አቆመችባት።

"ተራሽን ጠብቂ" አለቻት፣ የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ።